የሙዝ ልጣጩ በማን ስም ይመዝገብ?

(የገና በዓል ካለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ሳሎን። በሩ አጠገብ ስድስት ከረጢት ቆሻሻ ተደርድሯል። ጡረታ የወጣው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ ሰፈሩ «መጋዘን» የሚለው፣ ለከረጢቶቹ ጀርባውን ሰጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይጽፋል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ዝግታ የሙዝ ልጣጭ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ቆሟል። ዝግታ እንደ ስሙ ነው፤ ሳቅ እንኳ የሚደርሰው ሌላው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው።)

መጋዘን፦ ይሄ ልጣጭ የሳሎን ነው አልኩህ!

ዝግታ፦ ጋሼ፣ ሙዙ የመጣው ከወጥ ቤት ነው።

መጋዘን፦ የገባውስ የት ነው?

ዝግታ፦ እንግዳዋ ሆድ ውስጥ።

መጋዘን፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) የተበላበትን ቦታ ነው የጠየቅኩህ! ሶፋ ላይ። ስለዚህ ሳሎን። ከረጢት ሁለት፣ ተራ ቁጥር አሥራ አራት፤ ልጣጭ፣ ሙዝ፣ ያገለገለ፣ አንድ።

ዝግታ፦ ቆሻሻ ሰብሳቢዋ ግን እርጥብና ደረቅ ለዩ ነው ያለችው።

መጋዘን፦ እርጥብና ደረቅ! ልብስ አጣቢ ናት እንዴ? ስማ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ዕቃ ጠብቄያለሁ፤ አንዲት ብሎን አልጠፋችብኝም። ዕቃ የሚለየው በክፍሉ ነው። የወጥ ቤት፣ የሳሎን፣ የመኝታ ቤት፣ የበረንዳ፣ የእንግዳ፣ የእናትህ።

ዝግታ፦ እናቴ ለብቻዋ ከረጢት አላት?

መጋዘን፦ ሁለት ቀን አድራ የአንድ ክፍል ቆሻሻ ትታ ነው የሄደችው!

ዝግታ፦ ሳንለየው ቀርተን ቆሻሻው ሁለት ጊዜ ተመልሶብናል እኮ ጋሼ። ዛሬ ከተመለሰ ስምህ የግቢው በር ላይ ይለጠፋል። ማስጠንቀቂያው ላይ የፈረመችው ደግሞ…

መጋዘን፦ ማን እንደፈረመች አውቃለሁ!

ዝግታ፦ የግቢው ኮሚቴ ሊቀመንበር።

መጋዘን፦ አውቃለሁ አልኩ!

ዝግታ፦ እትዬ። ሚስትህ።

መጋዘን፦ ሚስቴን ልታስተዋውቀኝ ነው?

ዝግታ፦ አይ፣ በአራት ሰዓት ከአዳር ሥራ ትገባለች ብዬ ነው። የቆሻሻ መኪናውም በአራት ሰዓት ይሄዳል። አሁን ሦስት ሰዓት ሆኗል።

መጋዘን፦ ይበቃል። ግን አንድም ከረጢት ያለ ርክክብ ከዚህ በር አይወጣም! ቅጹን በሦስት ቅጂ አዘጋጅቻለሁ። አስረካቢ እኔ፣ ተረካቢ ቆሻሻ ሰብሳቢዋ። ፈርማ ትወስዳለች።

ዝግታ፦ ቆሻሻ ተረክቤያለሁ ብላ?

መጋዘን፦ ነገ ጎድሏል ብትልስ?

ዝግታ፦ (አስቦ፣ አስቦ) እውነትም። ቢጎድልባት ቅር ይላታል… ጋሼ፣ ሳታይ አትፈርም ይሆናል። አንዱን ከረጢት ለናሙና ላውርድላት?

መጋዘን፦ ናሙና? (ፊቱ በራ) ናሙናማ በደንቡ ይፈቀዳል! አየህ፣ ከእኔ ጋር ስትውል ትነቃለህ።

(ዝግታ አንዱን ተሸክሞ ይወርዳል። ቆይቶ ባዶ እጁን፣ እያለከለከ ይመለሳል።)

ዝግታ፦ ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ። ጠርሙሱ የእንግዳ ነው፤ ክዳኑ የተገኘው ግን ሶፋ ሥር ነው። ክዳኑ ጠርሙሱን ይከተላል ወይስ ሶፋውን?

መጋዘን፦ (ብዕሩን አስቀምጦ) ይሄ ነው ጥያቄ! ክዳን ጠርሙሱን ይከተላል፤ ግን ሁለቱም ዝርዝር ላይ መጠቀስ አለበት። እንደገና ልጽፈው ነው። ናሙናውስ?

ዝግታ፦ እያየችው ነው። የመኝታ ቤቱንም ልየው ብላለች።

መጋዘን፦ ጠንቃቃ ሴት ናት። ውሰድላት።

(ይወርዳል፤ ይመለሳል።)

ዝግታ፦ የተሰበረው ብርጭቆስ ጋሼ? አንድ ነው ወይስ ሃያ ሦስት?

መጋዘን፦ ቆጠርከው?

ዝግታ፦ የደቀቀውን ትቼ።

መጋዘን፦ የደቀቀውማ በግራም ነው የሚገባው! የሰበረው ሰው ስምም ይያዛል። እናትህ ናት አይደል?

ዝግታ፦ አንተ ነህ። ስትጨፍር።

መጋዘን፦ (ጎሮሮውን ጠርጎ) «በድንገተኛ አደጋ» ብዬ እይዘዋለሁ።

ዝግታ፦ የስጦታዎቹ መጠቅለያስ? የሰጪው ነው የተቀባዩ?

መጋዘን፦ (ወንበሩን እያስጠጋ) ቁጭ በል፤ ይሄ ሰፊ ነው።

ዝግታ፦ አንተ እያሰብክበት እኔ የቀረውን እያመላለስኩ ላሳያት።

መጋዘን፦ የእናትህን በሁለት እጅህ ያዘው፣ ወገብህን ይሰብርሃል። ቅጹንም ውሰድ፤ ሦስቱንም ቅጂ። አንብባ ትዘጋጅ።

(መጋዘን ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ይጽፋል። ከኋላው ዝግታ ይወጣል፣ ይገባል፣ ይወጣል። በመጨረሻ መጥቶ ሶፋው ላይ ዘፍ ይላል። ከታች ሞተር ይነሳል፤ ድምፁ እየራቀ ይሄዳል።)

መጋዘን፦ (ብድግ ብሎ) መኪናው ሄደ! አለቀልኝ! በገዛ ሚስቴ ፊርማ በር ላይ ልለጠፍ ነው! ቶሎ፣ ከረጢቶቹን አልጋ ሥር… (ይዞራል። ወለሉ ባዶ ነው።) ከረጢቶቹስ?

ዝግታ፦ ሄዱ።

መጋዘን፦ ስድስቱም?

ዝግታ፦ ስድስቱም። ደረጃው ሥር እየዘረገፍኩ እርጥቡን ለብቻ፣ ደረቁን ለብቻ አደረግኩት። ስባሪውን ካርቶን ውስጥ። ሰብሳቢዋ አይታ ጫነችው። ለአንድ ከረጢት አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር፤ የእናቴ ግን ሰፊ ጥያቄ ነው የፈለገው።

መጋዘን፦ የብርጭቆው ጥያቄ… የክዳኑ…

ዝግታ፦ የክዳኑ እንኳ ከልቤ ነበር።

መጋዘን፦ እሺ… ቅጹንስ አስፈረምካት?

ዝግታ፦ ሰጠኋት። ገለበጠችው፣ ዳሰሰችው። «ከዚህ ቤት ከወጣው ሁሉ ንጹሕና ደረቅ ይሄ ብቻ ነው» ብላ ከደረቁ ቆሻሻ ጋር ጨመረችው።

መጋዘን፦ ሦስቱንም ቅጂ?

ዝግታ፦ ሦስቱንም። አመስግንልኝ ብላለች።

(በሩ ይከፈታል። ሚስቱ እንቅልፍ ባጣ ዓይኗ ባዶውን ወለል፣ ቀጥሎ ባሏን ታያለች። «ይሄን ሁሉ ማነው ያወረደው?» ትላለች።)

ዝግታ፦ ጋሼ ነዋ፣ እትዬ። እኔማ ጥያቄ ስጠይቅ ነው ያረፈድኩት።