እኔን ወደ ክላውድ ሲያዛውሩኝ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተሮች ስብሰባ ተቀምጠው፣ እኛን ሠራተኞቹን ወደ ክላውድ እናዛውር ብለው ወሰኑ። ክረምቱን ሙሉ እነሱን ሳዛውር የከረምኩት እኔ ነኝ። ምድር ቤት ካለው ክፍላችን አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ ክላውድ ወደምንለው፣ ማናችንም በዓይናችን ወዳላየነው የኪራይ ቦታ በኢንተርኔት እልካቸው ነበር። በሕልሜ ግን ተራው የእነሱ ሆነ።

ምድር ቤት ስወርድ ማሽኖቹ ካፖርት ደርበው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኛ ደግሞ እነሱ ይደረደሩበት የነበረው ብረት ላይ ተደርድረናል፣ ጀርባችን ላይ ገመድ ተሰክቶ። ብርዱ አይጣል ነው። ከበታቼ የቆመችው የሒሳብ ክፍሏ ሐረገወይን፣ «አንተ፣ እግርህን ሰብስብልኝ እስቲ፣ አየር ልሳብ» አለችኝ። ሰበሰብኩላት።

ሰብሳቢያቸው አሮጌው ማሽን ነው፤ ያ ማራገቢያው እንደ አስም በሽተኛ የሚያቃስተው። መነጽሩን አጠለቀና የሸሚዜን ቁልፍ ፈትቶ ወደ ውስጥ አየ።

«ውስጥህ ስንት ሰው አለ?»

«አንድ ነኛ» አልኩት።

«ተው እንጂ። እኔ አንድ ብረት ሆኜ በሆዴ ስንት ማሽን ተሸክሜ እንደኖርኩ ታውቃለህ። አንተስ ከማን ታንሳለህ?»

እውነቱን ነው። እኛ ቨርቹዋል ማሽን የምንለው ይህንኑ ነው፤ ብረቱ አንድ፣ ውስጡ ብዙ። እጁን ወደ ሆዴ ሰደደና ያወጣን ጀመር። መጀመሪያ ሠራተኛው እኔ ወጣ፣ ባጁን አንጠልጥሎ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። ቀጥሎ የዕድሩ እኔ፣ ቅጣት ፈርቶ ከለቅሶ ድንኳን የማይጠፋው። ሁለቱንም «ይለፉ» አላቸው። በመጨረሻ ከሥር አቧራ የለበሰ አንድ ወጣ። የእትዬ ዘርትሁን ወንድም የሆነው እኔ ነበር። እትዬ ዘርትሁን ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። የምትኖረው ቃሊቲ ነው፣ ከእኔ ቤት ሁለት ታክሲ።

«ይሄኛውን ማን ይጠቀምበታል?» አለ አሮጌው።

«እህቴ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው መቼ ነው?»

ሠራተኛው እኔ፣ ነገረኛ፣ ቀድሞኝ «ለፋሲካም አልሠራም፣ ሊጠይቃት አልሄደም» አለው።

«እንግዲያው እንዘጋዋለን» አለ አሮጌው። «የሚፈልገው ካለ ይጮኻል። ካልጮኸ ይሰረዛል።»

ይህችን ነገር አውቃታለሁ፣ የራሴው አሠራር ናት። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ማሽን ሲገጥመን ማን ሰው ለሰው ሲጠይቅ ይውላል ብለን ዘግተን እናየዋለን። ሰው ከጮኸ መልሰን እንከፍተዋለን፣ ዝም ከተባለ እናጠፋዋለን። ስንቱን እንዲህ አድርጌ ቡናዬን ጠጥቻለሁ።

አሮጌው አንገቴ ሥር የሆነ ቁልፍ ተጫነና ወንድምየውን ዘጋው። እኔም ከእሱ ጋር ተዘግቼ፣ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። መንገዱ ላይ ታክሲዎች ሰው ለማግኘት ረጅም ሰልፍ ይዘዋል። አንድ በግ የአንድ ወፍራም ሰውዬ ወገብ እየዳበሰ «ይሄ ለበዓል ይደርሳል?» እያለ ዋጋ ይከራከራል። እኔ ጆሮዬ በሩ ላይ ያለው የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ላይ ነው። በጠራ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አንዱ ፕሪንተሩ እምቢ አለኝ ይላል፣ ሌላዋ የይለፍ ቃሌን ረሳሁ ትላለች። ሁሉም የሚፈልጉት ሠራተኛውን ነው።

«አንድ ጊዜ ስልክ ስጠኝና ልደውልላት» ብዬ ተከትሎኝ የወጣውን አሮጌውን ለመንኩት።

«የተዘጋ አይደውልም፣ ይጠየቃል እንጂ። አንተ ስትዘጋን ስልክ ሰጥተኸን ነበር?»

«ግድ የለም፣ ትመጣለች» አልኩት። «ኩፍኝ ሲይዘኝ አዝላ ጤና ጣቢያ ያደረሰችኝ እሷ ናት። እሷ እኔን አትተወኝም።»

መጣች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፌስታል አንጠልጥላ፣ እያነከሰች መጣች። መቼ ነው ማነከስ የጀመረችው? ጥበቃው እጁን ወደ ላይ አድርጎ ቆመላት፣ እሷ ኪሱን ፈትሻ አሳለፈችው።

«አስናቀ አለ?» አለችው።

አጠገቧ ነኝ እኮ። «እትዬ» አልኩ፣ ድምፄ አልወጣም። ቀሚሷን ልይዝ ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ያኔ ሠራተኛው እኔ ከፎቅ ወረደ። ጉንጯን እንኳ አልሳማትም። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ «እትዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውልልሻለሁ» አላት።

«እሺ የኔ ጌታ። ሥራህን ሥራ» አለችው። ምናለ ብትቆጣው። ምናለ በፌስታሉ ብትለው። ዞር አለችና እያነከሰች ወደ ታክሲዎቹ ሄደች።

«ጠየቀችኝ እኮ» አልኩት አሮጌውን። «ሰምተሃታል፣ ስሜን ጠርታ ጠየቀችኝ። አሁን ክፈተኝ።»

«ጠይቃ መልሷን አግኝታ ሄዳለች» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሰለቸው የቢሮ ሰው ድምፅ ነው። «ጉዳዩ አልቋል።»

«እባክህ፣ ከተሰረዘ አይመለስም።»

«አውቃለሁ» አለና ጣቱን ሰደደ።

ብንን አልኩ። ነግቷል። ተመስገን፣ ሕልም ነው አልኩ። ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬን አነሳሁ። ከሥራ የመጡትን መልእክቶች ሁሉ ዘልዬ የእትዬን ስም ፈለግኩና ደወልኩ። ብዙም ሳይጠራ አነሳችው።

«እትዬ፣ እንዴት አደርሽ?» አልኳት።

የመለሰልኝ የእሷው ድምፅ ነው።

«ይቅርታ» አለች፣ «ማን ልበል?»