ቸሩ በአሶሳ ገበያ ገመድ ያልለቀቁበት ዜና

ንጽሕፍ እንከ ዜናሁ ለቸሩ፥ ዘኢፈትሐ ሐብለ ላህሙ። የበሬያቸውን ገመድ ያልፈቱትን የአቶ ቸሩን ነገር እንጽፋለን፤ ይህም የሆነው በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፥ የሣር ጣሪያቸው ማፍሰስ በጀመረ በሦስተኛው ዓመት፥ የመንደራችን የቴሌግራም ቡድን በተመሠረተ በሁለተኛው፥ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፥ ማንጎው በስሎ ደመናውም ጠቆር ጠቆር ማለት በጀመረበት ወራት ነው።

የምጽፈው እኔ አንለይ፥ ከገነተ ማርያም ወደ አሶሳ ዙሪያ የተመደብሁ የታሪክ መምህር፥ የቸሩም ተከራይ ነኝ። ያን ጊዜ በክፍሌ ሦስት ሳፋ ነበረኝ፤ አንዱ ለልብስ፥ ሁለቱ ለጣሪያው። ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥ አድልዎ የለብኝም ብዬ አልዋሽም።

ወእምዝ እሜቴ አስረሳሽ፥ የቸሩ ባለቤት፥ የባንክ ደብተሩ ባለቤት፥ የገመዱም ባለቤት፥ በማለዳ ደጃፋቸው ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስሙ! በሬው ቦራ ዛሬ ይሸጣል፤ በዋጋውም ቆርቆሮ ይገዛል። ዘንድሮም ሳፋ ስገለብጥ የምከርም ከሆነ ወደ እናቴ ቤት ነው የምሄደው፤ ብቻዬን፥ ከነዶሮዎቼ! ገመዱ ግን አይሸጥም። በገዛ እጄ የገመድኩት ቃጫ ነው። ገመዴን ሳትይዝ የመጣህ እንደሆነ፥ አንተ ሰውዬ፥ እዚያው ገበያ እደር!»

የዚህ አዋጅ ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ቸሩ አምና ፍየል ሸጠው ገመዱን ከፍየሏ ጋር ልከውት ነበርና፥ ያ ነገር እስከ ዛሬ በየቁርሱ ይነሣል። ደግሞም የባንክ ደብተሩ በእሜቴ ስም ስለሆነ፥ ብር ሲገባ መልእክቱ የሚደርሰው በእሜቴ ስልክ ነው። ይህን አንባቢ ልብ ይበል፤ ጀግናችን ልብ አላሉትምና።

ሠራዊቱም ተነሣ። በፊት ቸሩ፥ ገመድ ጨባጭ፥ የላስቲክ ጫማ ተጫሚ፤ ቀጥሎ ቦራ፥ ግንባረ ነጭ፥ ሻኛው ተራራ የሚያህል፤ በኋላ ደጀንነት አቶ አንዳርጋቸው ጎረቤታችን፥ ባለ ሽመል፥ ለእርዳታ ነው ቢሉም ለአረቄ የተከተሉ፤ ከዚያም ወይዘሮ ከበደች ማንጎ በቅርጫት ተሸክመው፥ መንገዱ አንድ ስለሆነ ብቻ የተቀላቀሉ፤ በመጨረሻም እኔ ከነጃንጥላዬ። ያልተጠራ አንድ ውሻም ነበር።

አሶሳ ገበያ ገብተን ጥቂት እንደ ቆምን፥ ጸላኤ ሠናያት ተገለጠ፤ ይኸውም ጥቁር መነጽር ያደረገ፥ ጫማውን አቧራ ያልነካው፥ የቦራን ፎቶ በቴሌግራም አየሁ የሚል ጎልማሳ ነው። ቸሩ ዋጋ ጠሩ፤ እርሱም ሳይከራከር እሺ አለ። በሬ ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ቸሩ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁምና፥ እግዜር የላከላቸው መሰላቸው። የሂሳብ ቁጥሩን ተቀበለ፤ «ለደረሰኙ» ብሎ የቸሩንም ስልክ ቁጥር ጨመረ፤ ስልኩን ጥቂት ዳሰሰ፤ ስክሪንሾቱንም እንደ ሰንደቅ ከፍ አድርጎ ለሕዝብ አሳየ። ወዲያው የቸሩ ስልክ ጢን አለች። «ገንዘቡ ወደ ሂሳብዎ ገቢ ሆኗል» ይላል። ቸሩ አነበቡት፥ ደገሙት፥ ዓይናቸውን ጠርገው ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔም አንብቤ አመንሁ። ያን ጊዜ ቆርቆሮው በዓይናችን ላይ አብረቀረቀ።

ጸላኤ ሠናያትም እጁን ወደ ገመዱ ዘረጋ። ቸሩ ግን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ብለው አወጁ፦

«በሬው ያንተ ነው፤ የበረከት ያድርግልህ! ገመዱ ግን የቤት ነው። ገመድህን አምጣና እሰር!»

ገመድ አልነበረውም። ስልክ ሁለት ነበረው፥ ቻርጀር ነበረው፥ ገመድ ግን አልነበረውም። ዙሪያውን ተመለከተ፥ ሰዓቱን አየ፥ መነጽሩን አወለቀ፥ መልሶ አደረገ፥ ከዚያም እንዲህ ሲል አወጀ፦

«መኪና ቆሞ ይጠብቀኛል! ገመዱንም እገዛዋለሁ! አምስት ሺህ ብር ልላክ!»

የቃጫ ገመድ አምስት ሺህ ብር ሲባል ሰምቶ የማያውቅ ሕዝብ ከአራቱም ማዕዘን ተሰበሰበ። ወይዘሮ ከበደችም ማንጎአቸውን ጥለው መጥተው «በአምስት ሺህማ እኔም ቤት ሁለት ገመድ አለኝ!» ሲሉ አወጁ፤ የሰማቸው ግን የለም።

ቸሩም ተፈተኑ። በአንድ ወገን አምስት ሺህ ብር፥ በሌላ ወገን እሜቴ አስረሳሽ። እኔም በልቤ «ኧረ ይስጡትና እንገላገል!» አልሁ። እሳቸው ግን ፈሩ። ፍርሃታቸውንም ይህ ታሪክ ጥበብ ብሎ መዝግቦታል። ገመዱን በእጃቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው፥ ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ቤት ደወሉ፤ ስልካቸውም የጆሮው ድምፅ ከጠፋ የቆየና በስፒከር ብቻ የሚሠራ ስለሆነ፥ የእሜቴ አዋጅ በከብት ተራው ሁሉ ተሰማ፦

«ገመዴን በአምስት ሺህ? ማን ነው እብዱ? ቆይ ቆይ... የበሬው ብር ገባ ነው ያልከኝ? በየት በኩል ገባ? ስልኬ እቅፌ ውስጥ ናት፤ ትንፍሽ አላለችም! አንተ ሰውዬ፥ ያን ገመድ ትለቅና ወየውልህ!»

በዚያን ጊዜ አቶ ዓብዱልላጢፍ፥ የደላሎች አለቃ፥ የበርታ ሽማግሌ፥ በአንድ እይታ የበሬ ዕድሜ የሚናገሩ፥ ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው አወጁ፦

«ያ ጀማዓ፥ እናንተ ሰዎች! እኔ እዚህ ገበያ ሸበትኩ፤ ገመድ ሳይዝ በሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ወላሂ አላየሁም! ይሄ ሰውዬ መግዛት አይደለም የመጣው፤ መውሰድ ነው! ከዛሬ ጀምሮ ብሩ በባለቤቱ ስልክ ካልገባ ገመድ አይለቀቅ! ስክሪንሾት ሐላል ገንዘብ አይደለም!»

አዋጁ ሳያልቅ ጸላኤ ሠናያት ባጃጅ ውስጥ ነበረ፤ ለካ «ገቢ ሆኗል» የሚለው መልእክት የመጣው ከባንክ ሳይሆን ከሁለተኛው ስልኩ ኖሯል። ቸሩ አላሳደዱም፤ ገመድ የያዘ ሰው አይሮጥምና። አቶ አንዳርጋቸው ግን ሽመላቸውን መዘው እስከ አረቄ ቤቱ ደጃፍ ድረስ አሳደዱ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ማሳደድ አልተመዘገበም። ቸሩ ገመዱን በእጃቸው ላይ ሦስተኛ ጊዜ ጠመጠሙት፤ ጣሪያውንም ሚስቱንም በአንድ ጊዜ ሊያጣ የነበረ ሰው ቢጠመጥም አይፈረድበትም።

ወእምዝ ኢዘዲን ባለ ልኳንዳው መጣ፤ የገዛ ራሱ ገመድም በትከሻው ላይ ነበረ። የቦራን ሻኛ ጨበጠ፥ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየ፥ «ይሄ በሬ ነው ወይስ የአጥንት ክምር?» ብሎ አወጀ፥ ሄደ፥ ተመለሰ፥ ደግሞ ሄደ። እኛም ስድቡን ስንሰማ ልባችን ተረጋጋ፤ የእውነት ገዢ እንዲህ ነውና። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በዋጋ ተስማሙ፤ ብሩን በስልክ ላከ፤ ሁላችንም እንደ ቆምን ጠበቅን። በስፒከር «ገባ! አሁን ልቀቀው! ገመዴን ግን!» የሚለው አዋጅ ሲሰማ ቸሩ ገመዱን ከቦራ አንገት ፈቱ። ቦራ ሲነዳ ዞር ብሎ አያቸው፤ እሳቸውም አለቀሱ። አቧራ ነው አሉ፤ አቧራ ግን አልነበረም።

ቆርቆሮውም እሜቴ ብሩን በስልክ ልከው በዚያው ቀን ተገዛ፥ በጋሪ ላይም ተጫነ፤ እንዳይንሸራተት የታሰረው በእሜቴ አስረሳሽ ገመድ ነበረ።

ግንቦት ገብቶ ጣሪያው እንዳለቀ ጎረቤት ሁሉ ለምርቃት ተጠራ። ቸሩም በመካከል ቆመው፥ ደረታቸውን ነፍተው፥ ገድላቸውን ለመተረክ «እኔማ ከመጀመሪያው ዐውቄበታለሁ፤ ገና መነጽሩን ሳየው» ብለው ሲጀምሩ፥ የመጀመሪያው ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ወረደ። ድምፁ ሌላ ነው! ቸሩ ጮኹ፥ በእጃቸው አሳዩ፥ ገመድ ጨብጠው ወደ ኋላ ተሳቡ፤ አንዲት ቃል ግን የሰማ አልነበረም። እሜቴ አስረሳሽ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ገመዳቸው ተመልክተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከሰው ጆሮ የቀረ ታሪክ ከብራና እንዳይቀር ነው እኔ የጻፍሁት።

ክብር ለቸሩ፥ ለአርቆ አሳቢው፥ በሁለት ስልክ ለተፈተነው፥ በአምስት ሺህ ላልተበገረው፥ ከጠላት ይልቅ ሚስቱን ለፈራው! ስሙ በከብት ተራ አይጥፋ፤ ገመዱም ከግድግዳው አይውረድ። ዛሬም ዝናቡ ይዘንባል፤ ሳፋዎቼም፥ ምስጋና ለእሳቸው፥ ሦስቱም የልብስ ናቸው።