ግራጫው ጎረምሳ

[ጠባብ የወንዶች ፀጉር ቤት ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት። ከበሩ በላይ ካለው የመብራት ሽቦ መዳፍ የምታክል የወፍ ጎጆ ተንጠልጥላለች፤ አንድ ደማቅና አንድ ግራጫ ወፍ ከአካባቢዋ አይጠፉም። ጡረታ የወጡት መምህር አገጫቸው በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሰፈሩ «ባለመቀስ» የሚለው ፀጉር አስተካካይ ምላጩን ይዞ ከኋላቸው ቆሟል፤ ልቡ ግን ሥራው ላይ የለም። በአራት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ሽቦውን ይቀይራል፤ ጎጆዋ ባለቤት ካላት ደግሞ እንዴት ትቆረጣለች?]

መምህር፦ ነገርኩህ፤ የምታምረው ሴቷ ናት። እንዴት እንደምታብረቀርቅ ታያለህ፣ ደረቷ ላይ ያለውን ቀይ ታያለህ። እንዲህ ተኳኩሎ የሚወጣ ወንድ የት አይተሃል?

ባለመቀስ፦ እኔማ እዚሁ ወንበር ላይ ነው የማየው፣ ጋሼ።

መምህር፦ ስለ ወፍ ነው የምናወራው።

ባለመቀስ፦ እሺ። ታዲያ ሴት ከሆነች ጧት ጧት እየገባች መስታወቱን በመንቆሯ የምትወጋው ለምንድን ነው?

መምህር፦ መውጋት አይደለም፣ መሳም ነው። መልኳን ስታይ ደስ ይላታል።

ባለመቀስ፦ ትናንት ስትስም ላባዋ ረገፈ።

መምህር፦ ፍቅር ነዋ።

ባለመቀስ፦ ግራጫውስ?

መምህር፦ እሱ ዱርዬ ነው። እሷ አበባ ልትቀስም ዞር ስትል ጠብቆ ጎጆዋ ውስጥ የሚገባ ጎረምሳ። ሦስት ቀን ሙሉ በዚህ ጃንጥላ ሳባርረው የዋልኩት ለእሷ ክብር ብዬ ነው።

ባለመቀስ፦ እሷ ግን አንድም ቀን ወደ ጎጆው ስትገባ አላየሁም።

መምህር፦ አስቀይሟት ነዋ። በቃ፣ ቤቱን ትታለታለች። ሠራተኛው ሲመጣ ቆርጦ ይጣለው።

[ባለመቀስ ሆዱ አልቆረጠም። ሰፈሩ ነገር ቶሎ አይገባውም ይለዋል፤ እሱም ይህን አምኗል። ዓይኑ ግን ከበሩ አልተነቀለም። ግራጫው ወፍ ሽቦው ላይ አረፈ።]

ባለመቀስ፦ መጣ።

መምህር፦ ጃንጥላዬን አቀብለኝ።

ባለመቀስ፦ አይንቀሳቀሱ ጋሼ፣ ምላጩ ጉሮሮዎ ላይ ነው።

[መምህሩ እንደ ሐውልት ደርቀው ቀሩ።]

ባለመቀስ፦ አፉ ላይ የሆነ ነገር ይዟል። ላባ ነው።

መምህር፦ [ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ] የሰረቀውን ነው።

ባለመቀስ፦ ይዞ ሲወጣ ቢሆን እሺ። ይሄ እኮ ይዞ እየገባ ነው።

መምህር፦ ሌባም የሰረቀውን መደበቂያ ይፈልጋል።

ባለመቀስ፦ ይኸው ገባ። ተቀመጠ። ሆዱን ወዲህ ወዲያ እያደረገ ላባውን ያደላድለዋል። ሌባ የሰው ቤት ገብቶ ያነጥፋል እንዴ፣ ጋሼ?

መምህር፦ አታድክመኝ። የወፍ መጽሐፌ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው፤ አውጥተህ ሥዕሏን እይ።

[ባለመቀስ ምላጩን አስቀምጦ እጁን ጠረገና መጽሐፉን ገለጠ። የመምህሩ ምልክት ያለበት ገጽ ቶሎ ተገኘ።]

ባለመቀስ፦ እውነትም ራሷ ናት። ከሥሩ ጽሑፍ አለ፤ አንብበውታል?

መምህር፦ ሥዕሉን ካወቅኩ ጽሑፉ ምን ያደርግልኛል?

ባለመቀስ፦ [ጣቱን እያስከተለ] «ደማቁ ወንዱ ነው። መስታወት ውስጥ የራሱን መልክ ሲያይ ሌላ ወንድ የመጣበት እየመሰለው ይደባደባል።»

መምህር፦ ገጽ ዘለህ ይሆናል።

ባለመቀስ፦ አልዘለልኩም። «ሴቷ ግራጫ ናት። ጎጆውን በሸረሪት ድር የምትሠራው፣ በላባ የምታነጥፈው፣ እንቁላሉንም የምትታቀፈው እሷ ብቻዋን ናት።»

[መምህሩ በመስታወቱ ውስጥ ባለመቀስን አዩት። ባለመቀስ መጽሐፉን ቀና አድርጎ አሳያቸው።]

መምህር፦ ብቻዋን ይላል?

ባለመቀስ፦ ብቻዋን።

መምህር፦ እና እኔ ሦስት ቀን ሙሉ...

ባለመቀስ፦ እመቤቲቱን ከገዛ ቤቷ። ለባሏ ደግሞ «የኔ ቆንጆ» እያሉ ያፏጩለት ነበር።

መምህር፦ [ድምፃቸው ዝቅ ብሎ] እንቁላሉ ቀዝቅዞባት ይሆን?

ባለመቀስ፦ ገና እያነጠፈች ነው፤ አልጣለችም ማለት ነው። ደርሰንላታል፣ ጋሼ።

[መምህሩ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። ወዲያው ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሰላሉን ተሸክሞ ደረሰና በሩ ላይ አቆመው። ባለመቀስ አፉን ሳይከፍት መምህሩ አረፋቸውን እንደለበሱ ተነሡ።]

መምህር፦ እንዳትነካው። ሴቷ ውስጥ ናት።

ሠራተኛው፦ ያቺ ግራጫዋ? እኔ ድምቅ ያለው ሴቷ ይመስለኝ ነበር።

መምህር፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይሳሳታል። አልፈርድብህም።

ሠራተኛው፦ የመብራቱ ነገርስ?

ባለመቀስ፦ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ይቆይ። እስከዚያ ሳይመሽ እዘጋለሁ።

ሠራተኛው፦ [መሰላሉን እያጠፈ] እርስዎ ግን ጋሼ፣ ሴቷን ለይተው ያወቁት እንዴት ነው?

መምህር፦ [ክራባታቸውን እያቃኑ] በክትትል ነዋ።

ባለመቀስ፦ እውነታቸውን ነው። ሦስት ቀን በጃንጥላ ተከታትለዋታል።