ወጌሻውና ሦስተኛው ቋሚ

በአማርኛ ውስጥ መልካቸው ተመሳስሎ የማይዛመዱ ቃላት አሉ። ወግ፣ ውጋት፣ ወጊ፣ ወጌሻ ብላችሁ ስትጠሯቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስሏችኋል። ወግ አሁን የያዝነው ነው። ውጋት ወግ ሲረዝም የሚመጣው ነው። ወጌሻ ግን ስሙ እንጂ ሥራው መውጋት አይደለም፤ ወለምታ ያሻል፣ የወለቀ አጥንት ይመልሳል። ይህን የማያውቅ የለም ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲሁ እል ነበር።

ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ከተባለች ወዲህ፣ ከአዲስ አበባ ተዛውሬ አስመራ ውስጥ በአንድ የአማርኛ ጋዜጣ እሠራ ነበር። የከተማው ሰው በትግርኛ ይጫወታል፣ በጣልያንኛ ማኪያቶ ያዝዛል፣ በአማርኛ ማመልከቻ ይጽፋል። ማመልከቻ ከሚጽፉት አንዱ በርሄ ነበር። በርሄ ጋዜጣችን የሚታተምበት ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚና የእግር ኳስ ቡድናችን በረኛ ነው። ሰባት ዓመት በጊዜያዊ ሠራተኝነት ቆይቷል። ጊዜያዊ ሆኖ ሚስት አገባ፣ ጊዜያዊ ሆኖ ሦስት ልጅ ወለደ። ቋሚ ለመሆን የጻፋቸው ማመልከቻዎች በዘመኑ ከነበሩት ደራሲዎች ከብዙዎቹ ድርሰት ይበልጣሉ።

ታዲያ የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ጡረታ የወጡ ሻምበል ናቸው፣ በልምምድ ሜዳ ሁላችንም እየሰማን፣ «በርሄ፣ እሑድ ዋንጫው ከመጣ ሰኞ ቋሚ ነህ» አሉት።

ሐሙስ ዕለት በርሄ ኳስ ሊይዝ ወደ ግራ ተወረወረ። ኳሱን ያዘው። ወገቡ ግን እርሱን ያዘው። ስናነሣው እንደ ማጭድ ጎብጦ ቀረ፤ የሚያየው የገዛ ጫማውን ብቻ ነበር።

«ወጌሻ አምጡ» አሉ ሻምበል።

ለማምጣት የተነሣው አቶ ዘርአይ ነው። ዘርአይ የጋዜጣው አራሚ ነው፤ አማርኛን በትምህርት ቤት ተምሮ፣ እኛ አፋችንን የፈታንበትን ቋንቋ በቀይ እስክሪብቶ የሚያርምልን ሰው። መነጽሩ ወፍራም ነው። ተጠባባቂ በረኛም እርሱ ነው። ስለዚህ በርሄ ካልዳነ እሑድ ለዋንጫው በሳሙና ፋብሪካው ቡድን ፊት የሚቆመው ማን እንደሆነ ገብቷችኋል። ብስክሌቱን ይዞ በረረ።

ከማይ ጭሆት ሰፈር ይዞልን የመጣው ግን ፍራሽ ሰፊ ነበር። አቦይ ሰሎሞን ይባላሉ፤ ኮታቸው ደረት ላይ የስንዝር ያህል የፍራሽ መርፌ ተሰክቷል። በወጣትነታቸው ከምጽዋ በሚነሣ መርከብ ላይ ሠርተው የቻይና ወደቦችን አይተዋል። እዚያ በመርፌ ሕመም ማውጣት ተምረናል ይላሉ።

ሻምበል ዘርአይን ወደ ጎን ጠሩት። «ወጌሻ ነው ያልኩህ።»

«እወ ሻምበል፤ ወጋ፣ ይወጋል፣ ወጊ፣ ወጌሻ። እኒህ በሰፈራችን የታወቁ ወጌሻ ናቸው።»

«ወጌሻ አይወጋም።»

«ታዲያ ለምን ወጌሻ ተባለ?»

ሻምበል ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ወደ አቦይ ሰሎሞን ዞርኩ። ቋንቋውን አምጥተን የሰጠነው እኛ ነን፤ የሚያርመው ግን ዘርአይ ነው።

በርሄ የፍራሹን መርፌ ሲያይ ሊያመልጥ ፈለገ፣ ወገቡ አልፈቀደለትም። «ኣጆኻ ወደይ» አሉት አቦይ ሰሎሞን፣ አይዞህ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ይሄ ለማተራሶ ነው። ላንተ ቀጭን አለኝ።» ከሲጋራ ቆርቆሮ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መርፌዎች አወጡ። ቆጥሬያለሁ፤ አሥራ አንድ ሰኩ። ከዚያ ነቅለው በሰሊጥ ዘይት ያሹት ጀመር። «መርፌ ይከፍታል፣ እጅ ይዘጋል» ይላሉ እያሹ።

በርሄ ቀስ በቀስ ቀና አለ። ቆመ። አጨበጨብን። ከዚያ ኳስ ከመሬት እንዲያነሣ ጠየቅነው። ኳሱን አየው፤ አልታጠፈም። ጎብጦ የነበረው ሰው አሁን ቀጥ ብሎ ቀረ።

«አቦይ፣ አይታጠፍም እኮ» አልኳቸው።

«ቀጥ አድርግ ተብዬ ነው የመጣሁት» አሉ መርፌያቸውን እየሰበሰቡ፤ «ማጠፍ ሌላ ቀን ነው።»

እሑድ በርሄ ይሰለፍ ወይስ ዘርአይ? ዘርአይ መነጽሩን አውልቆ፣ «ሻምበል፣ ያለዚህ እርስዎንም አላይዎትም» አለ። በርሄ ተሰለፈ። ተከላካዮቻችን ነገሩን ስለሚያውቁ ከበሩ ፊት ንቅንቅ አላሉም። ሳሙናዎቹ በመጀመሪያው አጋማሽ የቀኙን ቋሚ መቱ፤ ከዕረፍት በኋላ የግራውን። እኛ በአጋጣሚ አንድ አገባን። ሊያልቅ ሲል ዳኛው ሪጎሬ ሰጡብን።

በረኛ በሪጎሬ ጊዜ ይወዛወዛል፣ እጁን ያወናጭፋል። በርሄ ፍንክች አላለም። አጥቂው ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፤ እንዲህ የተረጋጋ ሰው መቼም አንድ ነገር አስቧል፣ ወደ አንዱ ጎን መወርወሩ አይቀርም ብሎ መሐሉን መታ። ኳሱ ከበርሄ ደረት ነጥሮ ተመለሰ። ከተመልካቹ መካከል አንዱ፣ «ሦስተኛው ቋሚ!» ብሎ ጮኸ፤ ሜዳው ሁሉ ተቀበለው። ዋንጫው የእኛ ሆነ።

ሰኞ በርሄ ቀጥ ብሎ ሻምበል ቢሮ ገባ። «እናያለን» አሉት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ አቦይ ሰሎሞን እንኳ ወገቡን ሊያጥፉለት ተመልሰው መጥተዋል። የረሱት ሻምበል ናቸው።

እኔ ያየሁትን ጻፍኩ፤ ርእሱንም «በርሄ ሦስተኛው ቋሚ ሆነ» አልኩት። ማክሰኞ ጋዜጣው ሲወጣ ግን «በርሄ ቋሚ ሆነ» ይላል። የማተሚያ ቤቱ የሠራተኛ ክፍል ሹም ጋዜጣውን ይዘው ደንግጠው ወደ መዝገብ ቤት ሮጡ፤ በመንግሥት ጋዜጣ የወጣ ነገር ከመዝገብ እንዴት ይጎድላል? በዚያ ዘመን ጋዜጣውን ከማረም መዝገቡን ማረም ይቀል ነበር። ከቀትር በፊት የቋሚነት ደብዳቤው ተጻፈ፤ ሻምበልም ወስኜ ይሆናል ብለው ፈረሙ።

ዘርአይን ጠየቅሁት። «ሦስተኛው የሚለውን ማን አወጣው?»

«ቦታ ጠበበኝ» አለ፤ «ደግሞ አማርኛዬ ደካማ ነው፣ ትርጉሙ የሚለወጥ አልመሰለኝም።»

መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ወጌሻ የሚለውን ቃልም በእርግጥ ሳያውቀው ቀርቶ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።