ከባርባ ሲፊስ በእግር ማምለጥ

ባርባ ሲፊስ በየማለዳው ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት ከጎናቸው ያለውን ወንበር በመዳፋቸው ሁለቴ ጠፍ ጠፍ ያደርጉታል። የፍየል ጠጉር ይበናል፣ አቧራ ይነሣል፣ እሳቸው ያስነጥሳሉ። ወንበሩ ለእንግዳ ተዘጋጀ ማለት ነው። እንግዳው ማን እንደሆነ ገና አያውቁም፤ እንግዳውም አያውቅም።

እምቢ የሚባል ቃል የማይሰማው ሰው የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። ጠገብኩ ስትሉት የሚጨምርላችሁ፣ ልሂድ ስትሉት ጫማችሁን የሚደብቅባችሁ። እዚህ ቀርጤስ ተራራ ላይ ያለችው መንደራችን ድርሻዋ የደረሳት ከነፒክአፑ ነው። ሽማግሌ ሁሉ እኛ ዘንድ ባርባ ይባላል፤ ክቡርነታቸው ግን ከባርባም በላይ ናቸው፣ የእግረኞች ሁሉ ጠበቃ። በእግሩ የሚሄድ ሰው አይተው ሳይጭኑ ማለፍ አይችሉም።

የእኔ ሥራ ደግሞ ሰውን በእግሩ ማስኬድ ነው። ከሰሜን አገሮች የሚመጡ ተጓዦችን ከመንደራችን ተነሥቼ፣ በሸለቆው ውስጥ አድርጌ፣ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር እስከ ባሕሩ ድረስ እመራለሁ።

“ለዚህ ብለው ነው ከአገራቸው የሚመጡት?” አሉኝ አንድ ቀን።

“አዎ፣ ባርባ።”

“ለመሄድ?”

“ለመሄድ።”

“በእግራቸው?” ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። “ምስኪኖች! አገራቸው ላይ ምን ቢደርስባቸው ነው?”

በባርባ ሲፊስ አይፈረድም። በወጣትነታቸው በዚሁ መንገድ የወይራ ዘይት በጀርባቸው እየተሸከሙ ወደ ባሕሩ ሲያወርዱ ኖረዋል። በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ፒክአፕ ገዙና “የእግር ድርሻዬን ጨርሻለሁ” ብለው ዐወጁ። ከዚያ ወዲህ ከበራቸው እስከ መኪናቸው፣ ከመኪናቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው የሚሄዱት። ያም ቢሆን ይረዝምባቸዋል።

ባለፈው የፀደይ ወቅት አንድ ሰውዬ በሁለት እጁ ሁለት ምርኩዝ ይዞ ዳገት ሲወጣ አገኙት። “እኔ በሰባ ስድስት ዓመቴ አንድ እንኳ አልያዝኩም!” ብለው አዘኑለትና ቀጥ አድርገው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ነርሷ የሁለቱንም የደም ግፊት ለካች። ተኝተው እንዲያርፉ የታዘዙት ባርባ ሲፊስ ናቸው።

ሌላ ቀን አንድ ወጣት በቁምጣ እየሮጠ ሲመጣ ፍሬን ይዘው በሩን በረገዱለት። “ግባ! ቶሎ ግባ! ስንት ናቸው?” ማንም እንደማያሳድደው ሲገባቸው ይበልጥ አዘኑ።

ከሁሉም የከፋው ግን የባልና ሚስቱ ነገር ነው። በትሕትና “አይ፣ እናመሰግናለን” አሉ። ባርባ ሲፊስ ዘንድ ይህ እሺ ማለት ነው። “ሲግደረደሩ ነዋ!” ብለው የሁለቱንም ቦርሳ ከጀርባቸው አወለቁና ፒክአፑ ላይ ከተጫኑት በጎች መሃል ወረወሩት። ቦርሳው ከሄደ ባለቤቶቹ የት ይቀራሉ? ዓመት ሙሉ ያለሙት ጉዞ በሃያ አምስት ደቂቃ አለቀ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባሕሩ ዳር ተገትረው፣ ያልሄዱበትን ተራራ ቀና ብለው ያዩ ነበር። እሳቸው በደስታ እጃቸውን አወናጨፉላቸው፤ “በሉ እንግዲህ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ማለት ትችላላችሁ!”

ባልና ሚስቱ አቤቱታ ጻፉ። ተጓዦቹን የሚልከው የጉዞ ድርጅትም ለእኛ ጻፈ፤ አንዲት ተቆጣጣሪ ሐሙስ መጥታ መንገዱን በእግሯ ሄዳ እንደምታይ፣ ከእንግዲህ አንድ ሰው እንኳ መኪና ላይ ከተጫነ መንደራችንን ከጉዞው እንደሚያወጣት። መንደራችን ወጣች ማለት ሮዳንቲ ተጓዦቹ የሚያድሩበትን ማረፊያ ቤቷን ዘጋች ማለት ነው። ሮዳንቲ የባርባ ሲፊስ ታናሽ እህት ናት፣ መንደሩ ሁሉ አንቺ የሚላት። ቤቷን ከዘጋች ከተማ ወርዳ ከልጇ ጋር ልትኖር ነው። እሳቸውም በዚህ ዕድሜያቸው ያለ እህት ሊቀሩ ነው።

ቡና ቤት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እጇን ዘረጋች። “ሲፊስ፣ ቁልፉን። ለሐሙስ ብቻ።”

“ቁልፉን ከምትወስጂ ጢሜን ላጪኝ።”

“እሱም ተራው ይደርሰዋል። ቁልፉን!”

“ቃሌን ልስጥሽ። ሐሙስ ዕለት ሰው ከጫንኩ መሪው ከእጄ ይውለቅ።” ትንሽ አሰቡና፣ “ግን ቢደክማትስ?”

“ትድከም!”

“ብታነክስስ?”

“ሲፊስ!”

“እሺ፣ እሺ። ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ?”

ሐሙስ ተቆጣጣሪዋን ወይዘሮ ቶርዲስን ይዤ ወጣሁ። የእግር መንገዱ የመኪናውን ኮረኮንች መንገድ ሦስት ቦታ ያቋርጠዋል። በመጀመሪያው ማቋረጫ ላይ ፒክአፑ ቆሞ ነበር፤ ባርባ ሲፊስ ሰማዩን ያያሉ። በሁለተኛው ላይም ቆሞ ነበር፤ መንገዱ ዳር ወንበር ተቀምጦ፣ ወንበሩ ላይ የተላጠ ብርቱካን። ወይዘሮ ቶርዲስ ተቀምጣ በላች፣ አመሰገነች፣ ሄደች። እኔ ላቤን ጠረግሁ።

ሦስተኛው ማቋረጫ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ሸለቆው ነው፤ መኪና አይገባበትም። አዲሱ ጫማዋ ተረከዟን ልጦት ኖሮ እያነከሰች ፒክአፑ አጠገብ ቆመች።

“መኪናው በሌላው መንገድ ባሕሩ ድረስ ይወስደን እንደሆነ ጠይቂልኝ” አለችኝ።

ልትፈትነን ይሁን ወይም የምሯን፣ ዛሬም አላውቅም። ነገርኳቸው።

በአርባ አምስት ዓመት ስንቱን እምቢ እያለ የጫኑ ሰው፣ በልመና ሲጠየቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እጃቸው ወደ በሩ ሄደ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ።

“ሞተሩ ሞቷል በያት” አሉኝ።

ሞተሩ ይንደቀደቅ ነበር።

“ይሰማኛል እኮ” አለች ወይዘሮ ቶርዲስ።

“የሚሰማት የእኔ ልብ ነው በያት!”

ቁልፉን አጠፉ። ከወንበሩ ጀርባ ለቀብር የሚይዙትን ጥቁር ጃንጥላ አወጡ፣ ወረዱ፣ በሴትየዋ ራስ ላይ ዘረጉላትና ወደ ሸለቆው ገቡ። በቤተ ክርስቲያን ጫማቸው። ስምንት ኪሎ ሜትር ሙሉ ጃንጥላው ከራሷ ላይ አልተነሣም፤ እሳቸው ግን እስከ አጥንታቸው በሰበሱ። “እዚህ ጋ ቀኝ እግርሽን... ይቺን ድንጋይ አትመኛት፣ ውሸታም ናት... እዚህ ውኃ አለ፣ ቅመሺው” ይሏታል። ላስተረጉም ስል ሁለቱም ዝም በዪ አሉኝ። ባሕሩ ዳር ስንደርስ ወይዘሮ ቶርዲስ ጫማዋን አውልቃ ማስታወሻዋ ላይ ብዙ ጻፈች፤ ባርባ ሲፊስ ደግሞ የወረድንበትን ሸለቆ ዞረው ያዩ ነበር፣ ለረጅም ጊዜ።

ከአሥር ቀን በኋላ ደብዳቤው መጣ። መንደራችን በጉዞው ውስጥ ትቆያለች። ሮዳንቲ ሁለቴ አነበበችው፣ ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች፣ ከዚያ ወንድሟን ስለ ተበላሸው ጫማቸው እስኪበቃት ሰደበቻቸው።

ስለ እሳቸው ልጽፍ መሆኔን ስነግራቸው ደስ አላቸው። “ጻፊ፣ አንቺ ልጅ። የሯጩንም የነርሷንም ጻፊ፤ ሰው ይሳቅ። ሐሙስ በእግሬ መሄዴንም ጻፊ፣ ለእህቴ ብዬ ነው። የእሑዱን ግን ተይው። ምን ይሉኛል? አደራ።”

እሑድ ዕለት ተጓዥ አልነበረም፣ ዝናብም አልነበረም። ፒክአፑ ከነቁልፉ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። ባርባ ሲፊስ ማለዳ ላይ መንደሩን ግራ ቀኝ ሰርቀው አዩና፣ ብቻቸውን፣ እያፏጩ፣ በእግራቸው ወደ ሸለቆው ወረዱ።