ክቡር «ለምን ይገዛል?» ሐይቅ ወረዱ

በየቤተሰቡ አንድ «ለምን ይገዛል?» አለ። እናንተ ቤት ከሌለ ጎረቤት ጠይቁ፤ እዚያም ከሌለ ዕድለኞች ናችሁና ዝም በሉ። የኛው የእህቴ ባል ነው። ሙያው ፍሪጅ መጠገን ነው፤ በራሱ ሹመት ግን መሐንዲስም፣ አናጢም፣ ልብስ ሰፊም፣ የጥርስ ሐኪምም ነው። ለጥርሱ መንጋጋዬ ምስክር ነው።

የሠራው የልብስ ማጠቢያ እየዘለለ ሳሎን ድረስ መጥቷል። የበሩ ደወል ሲጮህ የመኝታ ቤቱ መብራት ይጠፋል። እህቴ «ግዛና ገላግለን» ስትለው «ለምን ይገዛል? እጅ የለኝም?» ይላታል። እጅስ አለው።

ባለፈው ወር ሐይቅ ዳር ወጣቶች በነፋስ ሲበሩ አየን። ሰሌዳ ላይ ቆመው በእጃቸው ሰፊ የሸራ ክንፍ ይይዛሉ፤ ሲፈጥኑ ከሰሌዳው ሥር ያለው የብረት ክንፍ ከውሃው በላይ ብድግ ያደርጋቸዋል። እኔ «ታድለው» ብዬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ክቡርነታቸው ግን ሰሌዳውን እንደ በሽተኛ ዳብሰው «ለምን ይገዛል?» አሉ። በቃ፣ አለቀልን።

ሰሌዳውን ከአሮጌ ፍሪጅ ፎም፣ የሥሩን ክንፍ ከመስኮት አሉሚኒየም፣ የእጁን ከድንኳን ሸራ ሠራው። በዚያው ሰሞን የግራ ጫማዬ ጠፋ። ግራ እግሬ ከቀኙ አንድ ጣት ያህል ስለሚያጥር ሶሉ በልኬ የወፈረ ነው፤ ሌላ የለኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በነጠላ ጫማ እያነከስኩ ቢሮ ስገባ ንዴቴን አስቡት።

የሙከራው ቀን ነፋሱ አንዴ ጭጭ ይላል፣ አንዴ ሰው ይገፈትራል። ዓሣ አጥማጆቹ እንኳ ጀልባቸውን ወደ ዳር ጎትተዋል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ይቅር» አልኩት።

«በደህና ቀን የሞከሩት ተሞከረ ይባላል?»

«ዋና እኮ አትችልም።»

«ይኸው ለብሻለሁ» ብሎ ደረቱን መታ መታ አደረገ። ከባዶ የውሃ ጠርሙሶች የሰፋው ጃኬት ነበር።

ሁለት ጊዜ ወደቀ። በሦስተኛው ሰሌዳው እውነትም ብድግ አለ። ላጨበጭብ ስል ነፋሱ ድንገት ተወው፤ ወዲያው ደግሞ ከጎን መታው። ሰውየው ጠፋ። እህቴ አጠገቤ ስሙን እየጠራች ትጮሃለች። ጠርሙሶቹ ብቻቸውን አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

ዓሣ አጥማጆቹ ሰሌዳውን እንዳቀፈ አወጡት። ውሃውን ተፍቶ ሳይጨርስ ጮህኩበት። «አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ? እህቴን ባል ልታሳጣት ነው?» ማጠቢያውን፣ ደወሉን፣ መንጋጋዬን፣ የያዝኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት።

«እሺ» አለ እየተንቀጠቀጠ። «ግን በዚህ ነፋስ እኔን ካነሳ፣ በደህናው ቀን አንተን አይጥልህም።»

«እኔን?»

ሰሌዳውን ልሰብረው ሳነሳ የግራ እግር መርገጫው ከቀኙ አንድ ጣት ከፍ ብሎ አየሁት። የተለጠፈው የኔው የጫማ ሶል ነው።

«ጫማውን እገዛልሃለሁ» አለኝ።

በሃያ ዓመት ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነው። ምን ያህል እንደደነገጠ ያኔ ገባኝ።

«አትገዛም» አልኩት። «አንተው ትሠራልኛለህ።»

ሠራልኝ። ስራመድ ይጮሃል። ንዴቴ አሁንም አልበረደም፤ ጫማውን ግን አላወልቀውም።