የውጭ ዜጋ የጠፋባት ከተማ

ከጉደር አልፎ ጌዶ ሳይደረስ ያለችው ከተማችን ለአገር ካበረከተቻቸው ታላላቅ ሰዎች መካከል የቀበሌያችንን ሊቀ መንበር ጓድ ባይሳን የሚስተካከል የለም። ቢኖርም እርሳቸው በሥልጣን ላይ ሳሉ ደፍሮ ብቅ አላለም። ይህንንም የምጽፈው ለመጪው ትውልድ አርአያ ይሆን ዘንድ ነው።

አብዮቱ አምስተኛ ዓመቱን እንደያዘ ከበላይ አካል መመሪያ መጣ። ዜግነቱ ኢትዮጵያዊ ያልሆነ ሰው ንግድ ቤትም ሆነ መኖሪያ ቤት መያዝ እንደማይችል፣ ይዞ የተገኘ ካለም ቤቱ ታሽጎ ውጤቱ በአስቸኳይ ሪፖርት እንዲደረግ ያዛል። እጅግ ግሩም መመሪያ ነበር። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ በከተማችን የውጭ ዜጋ አልነበረም። የነበረን አንድ ግሪካዊ ባለወፍጮ፣ ሙሴ ያኒ፣ አብዮቱ እንደፈነዳ ወፍጮውንና ቤቱን ጥሎ አገሩ ገብቷል።

«እንግዲያው ‹የለም› ብለን እንጻፋ» አለ የቀበሌው ጸሐፊ ጂራ። ሥራውን ገና አልለመደውም ነበር።

ጓድ ባይሳ በሐዘኔታ አዩት። «ጓድ ጂራ፣ ጌዶ ሁለት አግኝታለች እየተባለ ነው። ጉደር እንኳ አንድ አላጣችም። የለም ማለት እኮ አልፈለግንም ማለት ነው!»

ፍለጋው ተጀመረ፤ ሩቅም አልተሄደ። ገበያው መግቢያ ላይ ያለውን ሱቅ ከልጅ እስከ አዋቂ የምንጠራው «አረብ ሱቅ» እያልን ነው። የከፈተው አንድ የመናዊ ነበር፤ እርሱ ግን በጃንሆይ ጊዜ ለከድሮ ሸጦለት ሄዷል። ከድሮ የስልጤ ሰው ነው። ይሁንና እኛ ስም መለወጥ አይሆንልንም። የተቆረጠ ዋርካ ሥር የምንቀጣጠር ሰዎች ነን። በዚያ ላይ ጓድ ባይሳ ለውይይት ክበብ የሚሆን ሰፊ ቤት ሲፈልጉ ከርመዋል፤ ከሱቁ የሰፋ ቤት ደግሞ በከተማው የለም።

እሑድ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ከድሮ ፊት ለፊት ቆመ።

«አረብኛ ትችላለህ?»

«ለሶላት ያህል፣ ጓድ።»

«ይመዝገብ። የትውልድ አገር?»

«ሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ። ያው እዚሁ ሸዋ ነው።»

ጓድ ባይሳ ወደ ጂራ ዞሩ። «ሄደህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። የቀበሌው አመራር በሙሉ የማያውቀው አገር የውጭ አገር ነው። ይመዝገብ!»

የከድሮ ሚስት ዘሀራ ተነሳች። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ልጆቻችንን ሁሉ የወለድነው እዚሁ፣ ከሱቁ ጓሮ ነው። ባሌ አረብ ቢሆን እኔ አጣዋለሁ? ብታሽጉብን እነዚህን ልጆች ይዤ የት ልግባ?» እውነቱን ለመናገር አንጀታችንን በላችው። ነገር ግን አንጀት አጀንዳ ላይ አልተያዘም ነበር።

«የቤተሰብ ምስክርነት ስሜታዊ ስለሆነ ተቀባይነት የለውም» አሉ ጓድ ባይሳ። «ይመዝገብ።»

አሁን ኦቦ ኤጄታ ተነሱ። ከከተማው ዕድሜ የማያንሱ ሽማግሌ ናቸው። «ጓድ፣ ከድሮ ለቅሷችን ላይ ድንኳን የሚተክል ሰው ነው። በኦሮምኛ ሲከራከር እኔን ይረታኛል። ምን አድርጎ አረብ ሆነ?»

«ኦቦ ኤጄታ፣ ጨው ሊገዙ ሲወጡ ለባለቤትዎ ወዴት ነው የምሄደው ይላሉ?»

«አረብ ሱቅ።»

«ሰማችሁ!» ጓድ ባይሳ ጠረጴዛውን መቱ። «ሰፊው ሕዝብ አይሳሳትም! ሰፊው ሕዝብ አንድን ቤት በማን ስም ከጠራው፣ ቤቱን የያዘው ሰው እርሱ ነው! በዚህ መርህ የምትስማሙ?»

እጃችንን አወጣን። ላለማውጣት የደፈረ ስላልነበረ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ። ኦቦ ኤጄታም አወጡ፤ የሁላችንም እጅ ሲወርድ የእርሳቸው ግን እዚያው ቀረ።

«ጥያቄ አለኝ። መርሁ ለሁሉም ቤት ይሠራል?»

«ያለ አንዳች ልዩነት!»

«ይመዝገባ። እንግዲህ ጓድ ሊቀ መንበር፣ እርስዎ የሚኖሩት የት ነው?»

ጓድ ባይሳ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሕዝቡ ግን ቀደማቸው። «ግሪኩ ቤት!» አልን በአንድ ድምፅ። ሙሴ ያኒ ጥሎት የሄደውን ባለ በረንዳ ቤት ቀበሌው ለሊቀ መንበሩ ከሰጣቸው ቆይቷል፤ ስሙን የለወጠ ግን አልነበረም።

«እኔ ግሪክኛ አልችልም!»

«በየስብሰባው ኢምፔሪያሊዝም፣ ፊውዳሊዝም ሲሉ አንሰማም እንዴ?» አሉ ኦቦ ኤጄታ። « የማን ቋንቋ ነው? ጂራ፣ ግሪክ አገር ሄደህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፤ መዝግቤዋለሁ» አለ ጂራ።

የጓድ ባይሳ እናት አዴ ወርቅቱ ነጠላቸውን እየጎተቱ ተነሱ። «ኢልማ ኮ! ልጄን! እዚሁ አምጬ የወለድኩትን ግሪክ አላችሁት?»

«አዴ ወርቅቱ፣ ይቅርታ» አሉ ኦቦ ኤጄታ። «የቤተሰብ ምስክርነት ስሜታዊ ነው ተብሏል።»

«ተመዝግቧል» አለ ጂራ። ሥራውን ለምዶት ነበር።

ኦቦ ኤጄታ ቀጠሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ሱቁ ‹ከድሮ ሱቅ› ይባል። በመርሁ መሠረት ባለቤቱ ከድሮ ይሆናል። የምትስማሙ?» ስብሰባው እጅ ብቻ ሆነ። ዘሀራ ሁለቱንም እጆቿን አውጥታ ታለቅስ ነበር።

«የእኔም ‹የባይሳ ቤት› ይባል!» ብለው ጮኹ ጓድ ባይሳ። «የምትስማሙ?»

አንዲት እጅ ብቻ ወጣች፤ የአዴ ወርቅቱ። እርሷም ስሜታዊ ስለነበረች አልተቆጠረችም።

ሪፖርቱ በአስቸኳይ ተላከ፦ «አንድ ግሪክ ተገኝቷል፣ ቤቱም ታሽጓል።» ከበላይ አካል ምስጋና ደረሰን። ጓድ ባይሳ እናታቸው ዘንድ እንዳይገቡ ነገሩ የቤተሰብ ስሜት ያለበት ሆነ። በመጨረሻ ከሱቁ ጓሮ አንዷን ክፍል ለቃ በደባልነት ያስገባቻቸው ዘሀራ ናት። «እንግዳ ነው፤ አገሩም ሩቅ ነው። ውጭ አያድርም» አለች።

ሊቀ መንበርነታቸውን የነካባቸው ግን የለም። መመሪያው የውጭ ዜጋ ሱቅና ቤት እንዳይዝ ይከለክላል እንጂ እኛን እንዳይመራ አይልም።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሪፖርት ተጠየቀ። ጂራ አልተጨነቀም፤ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ አንድ መንገደኛ ጠራና ሊቀ መንበሩ የት እንደሚኖሩ ጠየቀው።

«አረብ ሱቅ ነዋ!» አለ ሰውዬው።

ጂራ ተመልሶ ገባና «አንድ አረብ» ብሎ ጨመረ። ከጌዶ ጋር እኩል ሆንን።